ከፈትሽው?

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዳለ እውነት ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ከራሴ ጨምሬ ከሆነ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፤ ከተቀመጥኩባት በርጩማ አያስነሳኝ፤ ማተሚያ ማሽኔ ከነቀለሙ ድርቅ ይበል። ደግሞስ ከኔ የቀረበ ምስክር ከየት ይመጣል? የሱፊያን ኮምፒውተር ቤትና የኔ የወልደሰንበት ማተሚያ ቤት ጉርድ ሾላ፣ ከባቡሩ መስመር ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን ናቸው። የሚለየን አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ሱፊያን ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆኜ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ፤ ከምሳ በኋላ ሳንኮራፋ ኮምፔርሳቶውን የሚደበድበው እሱ ነው። ስለዚህ «ጋሽ ወልዴ ያጋንናል» የሚል የሰፈር ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ወሬው ከኔ ቀድሞ ስላልደረሰው የተናደደ ነው ብላችሁ እለፉት።

ሱፊያን ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንደዚህ ልጅ ያለ እጅ ከመገናኛ እስከ ሲ ኤም ሲ አልተፈጠረም። ዓይኑን ጨፍኖ ማዘርቦርድ ይፈታል። የሞተ ሃርድ ዲስክ ጆሮው ላይ ደቅኖ የሞተበትን ሰዓት ይነግራችኋል። አንድ ጊዜ ከጃፓን የመጡ ሰዎች ሲሠራ አይተው እጁን ፎቶ አንስተው ሄደዋል፤ ሁለት ነበሩ፣ ሦስትም ሊሆኑ ይችላሉ። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚሁ የካ ሱቅ ከፍተው፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ያረፉ ሰው ናቸው። እናቱ ወይዘሮ ኩልሱም መገናኛ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ዕቃ የምትረከበውና ደረሰኝ የምትቆርጠው ታናሽ እህቱ ኢልሃም ናት፤ ብዙ የማትናገር፣ ሁሉን የምታይ ልጅ።

መቅደላዊት የመጣችው በጥቅምት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ፣ የታመመ ሕፃን እንደያዘች እናት ደረቷ ላይ አቅፋው ገባች።

«ሞቷል» አለችው ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠችው።

ሱፊያን ገለጥ አደረገው፣ አሸተተው። «አልሞተም። ተቃጥሏል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የሞተው አንዳንዴ ይነሳል።»

ሳቀች። ስለ ሳቋ ብዙ አልልም፤ የባንኮኒው መስታወት አልተሰነጠቀም ብዬ ግን አልዋሽም። ካቻቢቴው ከሱፊያን እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያ ካቻቢቴ በሰባት ዓመት ውስጥ ሲወድቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚህም ነው ፎቶ ኮፒዬን አቁሜ ጆሮዬን የለጠፍኩት።

ልጅቷ የእንጦጦ ልጅ ናት። አባቷ መምሬ ኃይለ መስቀል ይባላሉ፤ ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ቅስና ያልተቋረጠበት ቤት ነው። እሷ ሥነ ሕንጻ ተምራ መሪ በሚባለው ሰፈር አንድ ቢሮ ተቀጥራለች፤ ገና ያልተሠሩ ሕንጻዎችን ከተሠሩት አሳምራ በኮምፒውተር በስሪዲ የምትስል። ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሦስት ቀን ቤቷ ሆና ትሠራለች። ላፕቶፕ የሷን ሥራ አይችልም፤ ትልቁን ዴስክቶፕ ደግሞ ከእንጦጦ መሪ በታክሲ ማን ተሸክሞ ይመላለሳል?

«ትንሽዬ ሥራልኝ» አለችው። «እቺ የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ የምትገባ። ጉልበቷ ግን የትልቅ ይሁን። ደግሞ ጡቡን አልፈልግም።»

«የቱን ጡብ?»

«ገመዱ መሃል ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቁሩን ጡብ ነዋ። ሁለቴ ቤት ረስቼው መሪ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሁሉ ነገሯ ሆዷ ውስጥ ይሁን። አንድ ገመድ ግድግዳው ላይ ልሰካና ልሥራ።»

«ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ይግባ ነው የምትይኝ?»

«ስሙን አንተ ታውቃለህ።»

«እህቴ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ እሳት አስገባልኝ እያልሽ እኮ ነው።»

«እኛ ስናድግ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው ከነምድጃው ነበር የምናድረው» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «ማንም አልተቃጠለም።»

ሱፊያን ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋ። ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ኢልሃም ደረሰኝ ላይ «ስም?» ብላ ስትጠይቅ ሁለቱም እኩል ደነገጡ።

አንድ ወር ይፈጃል ያለው ሥራ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። እኔ ወደ ጠፈር የሚላክ ዕቃ ሲሠራ አይቼ አላውቅም፤ ከዚህ ግን አይበልጥም። ሣጥኑን ኤጀታ የሚባለው የላሜራ ሠራተኛ አጠፈለት፤ አምስት ጊዜ አጥፎ አምስት ጊዜ ተመለሰበት። «ይሄ ሰውዬ ለኮምፒውተር ነው ወይስ ለሙሽራ?» ብሎ ኤጀታ ተማረረ። ፓወር ሳፕላዩ ከአሮጌ ሰርቨር የወጣ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የቢላ ሰገባ የመሰለ። ገመዶቹ ለትልቅ ሣጥን የተሠሩ ስለነበሩ ሱፊያን አንድ በአንድ ቆርጦ፣ አሳጥሮ፣ መልሶ በየዳቸው። ሃያ አራት ገመድ! የቀኝ አውራ ጣቱ ላይ የብየዳው ጠባሳ አለ፤ የሚጠራጠር ሰው መጥቶ ማየት ይችላል። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እሳቱ ውስጥ ከሆነ መውጫ ይፈልጋል። ፋኑ አየሩን ከፊት ስቦ በጀርባ እንዲተፋ፣ በፓወር ሳፕላዩና በግራው ግድግዳ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ተወ። ይቺን የአንድ ጣት ክፍተት ያዙልኝ።

መቅደላዊት ከመሪ ስትመለስ ጉርድ ሾላ ላይ ትወርዳለች። «ልያት ብዬ ነው» ትላለች፤ ኮምፒውተሯን ማለቷ ነው። ሱፊያን ከአንድ ብሎን በላይ ሳይፈታ አንድ ሰዓት ያሳያታል። ወይዘሮ ኩልሱም አንድ ቀን ለልጃቸው ምሳ ይዘው ሲመጡ ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሣጥኗ ላይ አጎንብሰው አገኟቸው። ምሳውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ሲወጡ ግን ለኢልሃም፣ «እዚህ ቤት የሌላ ሰው ኮምፒውተር የለም እንዴ?» ሲሉ እኔው ነኝ የሰማሁት።

አንድ ከሰዓት ሱፊያን ቦርዱን አብርቶ ሲፈትሽ እሷ በስልኳ መብራት ታሳየዋለች። አንገቷን ስትደፋ መስቀሏ ከነክሩ ሾልኮ ቦርዱ ላይ ተወዛወዘ።

«ማተብሽን ያዥ!» ብሎ ጮኸ።

ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

«ብር ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቦርዱን ከነካው ሾርት ያደርጋል።»

መስቀሏን ልብሷ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ቆይታ፣ «አባቴ ከቤት በወጣሁ ቁጥር የሚለኝ ይቺኑ ነው» አለች።

«ምን?»

«ማተብሽን ያዥ።»

ሳቁ። ብዙ ሳቁ። ከዚያ ግን ያች ቃል ለሁለቱም እኩል ገባቻቸውና ሳቁ ከሁለቱም አፍ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ከውጭ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጣራል። መቅደላዊት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ሱፊያን ደግሞ የበራውን ቦርድ ሳያጠፋ፣ እጁ አየር ላይ እንዳለ፣ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

በጥር መጀመሪያ ሣጥኗ አለቀች። ከፊት ስታዩዋት የዳቦ ቆርቆሮ ታክላለች፤ ስትሠራ ግን አሥር ቢሮ ታሾራለች። እንዲህ ያለች ዕቃ በአፍሪካ ምድር እስከዚያ ቀን አልተሠራችም፤ ተሠርታለች የሚል ካለ ያሳየኝ። ሱፊያን ግን ደስታ ፊቱ ላይ የለም። ሥራው ካለቀ ልጅቷ ጉርድ ሾላ ላይ ለምን ትወርዳለች?

አፍ አውጥቶ መናገር አልሆነለትም። ለሃያ አራት ገመድ ያልሰነፈ እጅ ለአንድ ገጽ ወረቀት ሰነፈ። ወረቀቱን ከኔ ነው የወሰደው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፤

«መቅዲ፣ ይህን ያገኘሽው እንዳልኩሽ አቧራውን ልታራግፊ ስትከፍቺው ነው። አሥራ አንድ ሳምንት የፈጀብኝ ሥራው ከብዶኝ አይደለም። ሥራው እንዳያልቅ ብዬ ነው። ያንቺም የኔም ቤት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ካንቺ ጋር ከሆነ ግን ሁለቱንም በር ቆሜ አንኳኳለሁ። እሺ ካልሽኝ አንድ ቃል ይበቃኛል። እምቢ ከሆነ ምንም አትበይኝ፤ ዝም ካልሽ ይገባኛል፤ ዕድሜ ልኬን አላነሳብሽም። ሱፊያን።»

አጠፈው። ማዘርቦርድ ተጠቅልሎ የሚመጣባት ብርማ ከረጢት ውስጥ ከተተው፤ በፓወር ሳፕላዩና በግድግዳው መካከል፣ ያቺ የአንድ ጣት ክፍተት ውስጥ፣ ፋኑ በማይደርስባት ጥግ ሸጎጠው። ክዳኑን ገጠመ። አራቱን ብሎኖች አጠበቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አድምጡኝ። ከዚያ ሱቅ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ብሎኑ ላይ ቀይ ማኅተም ይለጠፍበታል፤ «ከተቀደደ ዋስትና የለውም» የሚል። ያተምኳት እኔው ነኝ፤ ከኔ የማኅተም ቀለም የበለጠ የሚይዝ በከተማው የለም። የሱፊያን እጅ በቀን ሃያ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ያን ቀንም ሠራ። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ እጁ ግን ለምዶ ማኅተሟን ላጠ፣ ብሎኑ ላይ ለጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ተጫነ። የገዛ ደብዳቤውን በገዛ እጁ አሸገ። አላወቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ይዞላት እንጦጦ ወጣ። ጉሙ ከባሕር ዛፉ ሥር ገና አልተነሣም። መምሬ ኃይለ መስቀል አጥራቸውን ሲያጠብቁ አገኛቸው።

«እንደምን አደሩ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ ልጄ፣ ግባ። ይቺ ናት ያቺ ኮምፒውተር? ልጄን እንጀራ ፍለጋ የምታስኬዳት?» ዞር ዞር እያሉ አዩዋት። «መብራቷ በየት ነው የሚመጣላት?»

«ሆዷ ውስጥ ነው አባቴ። አንድ ገመድ ብቻ ነው ያላት።»

«እሳቱን በሆዷ ይዛ ዝም ትላለች?»

«ዝም ትላለች።»

«ከሰው ትሻላለች» አሉ መምሬ፤ ሱፊያን አጎንብሶ ገመዱን ለመቅደላዊት አቀበላት።

መቅደላዊት ሰክታ አበራቻት። ድምፅ የለም፤ ስክሪኑ ላይ ያልተሠራ ሕንጻ ፏ ብሎ ቆመ። መምሬ ተደሰቱ። ሊባርኩት እጃቸው በልማድ መስቀላቸውን ሊያወጣ ወደ ኪሳቸው ገባ። «ስምህ ማን ነው ልጄ?»

«ሱፊያን።»

እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ቀረ። አልተቆጡም፤ ፊታቸውም አልጠቆረም። «እጅህን ይባርከው» አሉት ብቻ፣ በባዶ እጃቸው ትከሻውን ነካ አድርገው። ክፉ ቢናገሩት ይሻለው ነበር። ክፉ ሰው ሲሆን መጥላት ይቻላል።

በሩ ላይ መቅደላዊት ሸኘችው። «በየወሩ ክፈቺው» አላት። «እዚህ ዳገት ላይ አቧራ የለም ብለሽ እንዳትተዪው። አደራ።»

«እከፍተዋለሁ።»

«አደራ መቅዲ።»

«እከፍተዋለሁ አልኩህ እኮ!» አለችና በሩን ተደግፋ፣ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ አየችው። እሱም አምስት ጊዜ ዞሯል። አምስት ያልኩት ቆጥቤ ነው።

ወር ሆነ። ሱፊያን ስልኩን እያገላበጠ ዋለ፣ ማንም የማያየው መሰለው እንጂ ኢልሃምም እኔም እናየዋለን። በመጨረሻ በቴሌግራም ጻፈላት።

«ከፈትሽው?»

«ከፈትኩት እኮ! በየቀኑ ነው የምከፍተው።»

ከወንበሩ ተነሣ። ተቀመጠ። «እና?»

«እና በጣም ደስ ይላል። ድምፅ የሚባል ነገር የለውም።»

«ሌላ የምትይኝ ነገር የለም?»

እየጻፈች መሆኗን የምታሳየው ምልክት ብቅ አለች። ጠፋች። ብቅ አለች። ጠፋች። ሦስተኛ ብቅ ብላ ስትጠፋ እንዲህ የሚል መጣ፤ «የለም። አመሰግናለሁ ሱፊ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ቋንቋችንን ማን ይክሰሰው? ኮምፒውተር ስናበራ «ከፈትኩት» እንላለን፤ ብሎኑን ፈትተን ሆዱን ስንገልጠውም «ከፈትኩት» እንላለን። እሱ የጠየቃት ስለ ሆዱ ነው፤ እሷ የመለሰችው ስለ ማብሪያው። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ሁለት ቃል አለውና ይተርፍ ነበር። ሱፊያን ግን አነበበች፣ አወቀች፣ ዝም አለች ብሎ ደመደመ። ዝም ካልሽ ይገባኛል ብሎ የለ? ገባው። ስልኩን ባንኮኒው ላይ በፊቱ ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የዚያን ቀን ለሦስት ደንበኛ የሠራው ሁሉ ተበላሽቶ ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ ከሳ። መክሳት ስል ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ በዓይኔ አይቻለሁ። መቅደላዊት ጉርድ ሾላ ላይ መውረድ ተወች። አንዳንዴ ታክሲው ሲያልፍ መስኮቱ ዳር ትታያለች፤ እሱ አንገቱን ይደፋል፣ እሷ ትዞራለች። እኔ መሃል ሆኜ ሁለቱንም አያለሁ፤ እንዲህ ያለ ቅጣት ለጠላቴም አልመኝም።

በመጋቢት መጨረሻ አቶ ከበበ የሚባሉ ሰው የሠርግ ጥሪ ሊያሳትሙ ወደኔ መጡ። የወንድማቸው ልጅ ዲያቆን ዘመንፈስቅዱስ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው፤ ቅስና ሊቀበል ጊዜው ደርሷል፣ ሳያገባ ደግሞ አይሆንም። የሙሽራዋን ስም ሳነበው ፊደሉ ዓይኔ ላይ ተራወጠ። ካርዱን ልደብቀው ነበር፤ ማርያምን ልደብቀው ነበር። ሱፊያን ግን ስቴፕለር ሊዋስ ገባና ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ ሲደርቅ አገኘው። አንስቶ አነበበ። ከላይ እስከ ታች። መልሶ አስቀመጠው፣ ከሌሎቹ ጋር አስተካከለው።

«ቀለሙ ጥሩ ይዟል ጋሽ ወልዴ» አለኝና ስቴፕለሩን ሳይወስድ ወጣ።

ሠርጉ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ፣ መቅደላዊት ሣጥኗን በጀርባዋ አዝላ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ፎቶ ኮፒዬ ላይ ሰልፍ ነበር፤ «ማሽን ተበላሽቷል» ብዬ ሰዉን ሁሉ አባረርኩ።

«መጮኽ ጀመረች» አለች ሣጥኗን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠች። «እንደ ጥንዚዛ ትርርር ትላለች።»

«ስንት ጊዜዋ?» አለ ሱፊያን። ወደ ቀለበቱ አላየም፤ ላለማየት ግን በጣም ደከመ።

«ትንሽ ቀን ነው።»

ካቻቢቴውን አንስቶ ሣጥኗን አዞራት። ቆመ። የባቡሩ ድምፅ መጥቶ እስኪያልፍ ብሎኖቹን በአውራ ጣቱ ደባበሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማኅተማችሁ ነዋ» አለች።

«አልቀደድሽውም?»

«ምን ብዬ እቀደዋለሁ? ከተቀደደ ዋስትና የለውም ይላል እኮ።»

«ከፈትኩት አላልሽኝም?»

«ማብሪያውን ነዋ! በየቀኑ አበራዋለሁ ማለቴ ነው። አንተ ምን መስሎህ ነው?»

ሱፊያን ወደ ኢልሃም ዞረ፤ ኢልሃም ደረሰኝ ላይ አቀርቅራለች። ሰማይ ተደርምሶ ራሱ ላይ ሲወድቅበት ኮምፔርሳቶው ነገረኝ። የገዛ እጁ! ሦስት ወር ሙሉ እሷን የከሰሰበት ዝምታ፣ ለካ የገዛ እጁ ለጥፎት የላከው ነው!

«እጄ ነው» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «እጄ ለምዶ ለጥፎታል።»

ማኅተሙን ቀደደው። ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑ ሲነሣ ብርማዋ ከረጢት ከቦታዋ ተንሸራትታ ጠርዟ ፋኑን ነክታለች፤ ትርርር የሚለው እሱ ነው። የእንጦጦ ዳገት አንገጫግጮ አንሸራትቷታል። አወጣትና ሰጣት።

አነበበችው። አንዴ አይደለም፤ ወረቀቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ሁለቴ ሰምቻለሁ። እንባዋ መስታወቱ ላይ ጠብ ሲል እንኳ ይሰማል፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ጉርድ ሾላ ላይ ወርዶ አያውቅም።

«ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን» አለች። «ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን በጀርባዬ ተሸክሜው ነው የምወጣ የምወርደው።»

«መቅዲ፣ አልረፈደም።»

«እሑድ ነው ሱፊ። ድንኳኑ ተተክሏል።»

«ድንኳን ይነቀላል።»

«አባቴስ ይነቀላል?»

ሱፊያን ካቻቢቴውን አስቀመጠ።  ያንን የሽማግሌውን ባዶ እጅ ትከሻው ላይ አስታወሰ፤ ያልጠቆረውን ፊታቸውን። ያንን ፊት ማን ያጠቁረዋል?

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ያኔ፣ በጊዜው፣ ብታነቢው ኖሮ ምን ትይኝ ነበር?»

«እሱን አትጠይቀኝ።»

«እሱን ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ሌላ ምንም አልልሽም። አንድ ቃል።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗን አልሰበረችም፤ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«እሺ» አለች። «እሺ እልህ ነበር።»

ሱፊያን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከመዳፉ ሥር የወጣውን ድምፅ እኔ ልቅሶ ልበለው ሳቅ አላውቅም፤ ሁለቱንም ይመስላል። እሷም አልነካችውም። በሁለቱ መካከል ክፍቷ ሣጥን ብቻ ናት፤ ሃያ አራቱ ገመዶች፣ ዝም ያለው ፓወር ሳፕላይ፣ የአንድ ጣት ክፍተት።

ደብዳቤውን በቀድሞ እጥፋቱ አጥፋ ከረጢቷ ውስጥ መለሰችው። «እነበረበት ቦታ መልሰው» አለችው። «እንዳይጮኽ አድርገህ።»

«መቅዲ...»

«መልሰውና እሸገው። አደራ ሱፊ።»

መለሰው። ፋኑ በማይደርስበት ጥግ። አራቱን ብሎኖች አጠበቀ። ኢልሃም ከጥቅልሉ አንድ ማኅተም ላጥ አድርጋ አቀበለችው፤ በአውራ ጣቱ፣ በዚያ በጠባሳው፣ ተጭኖ ለጠፈው። መቅደላዊት ሣጥኗን አዝላ ወጣች። ታክሲ ስትጠብቅ ቀና ብላ ነበር የቆመችው፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሸክም እንዳይነቃነቅ የምትጠነቀቅ ትመስላለች። ሱፊያን በር ላይ ቆሞ አያት፤ ታክሲው ሄዶ፣ ቀጣዩም መጥቶ ሄዶ፣ እሱ ግን አልገባም። ይኸው እስከ ዛሬ አላገባም። በገዛ እጁ የገዛ ዕድሉን ያሸገ ሰው ከሱ ሌላ አላውቅም።

ታሪኩ ይሄው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ለመጽሔቱ ከመላኬ በፊት ፊደል እንድታርምልኝ ለኢልሃም ሰጠኋት። ዓርብ ነበር፤ ሱፊያን ለጁምዓ ወጥቷል። ባንኮኒው ላይ ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ሁለት ቦታ «ሰ»ን በ«ሠ» ቀየረችልኝ። አላለቀሰችም።

«ምነው?» አልኳት። «እኔ ስጽፈው እንኳ መሃረቤ ረጥቧል!»

ወረቀቶቹን አስተካክላ መለሰችልኝ።

«ጋሽ ወልዴ» አለች፣ እንደ ሁልጊዜዋ በዝግታ፣ «ሱፊ ማኅተም አልለጠፈበትም ነበር።»

«እንዴት? በገዛ አፉ ሲናገር...»

«አልለጠፈበትም። እንድትከፍተው ስለፈለገ ሆን ብሎ ነው የተወው። መቅዲ በሳምንቱ ከፍታ አንብባዋለች። መጥታ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ሱፊ መሪ ሥራ ሄዶ ነበር፣ እርስዎ ደግሞ ተኝተው ነበር። አባቴን ጥዬ አይሆንልኝም አለች። በኋላ ከሠርጉ በፊት፣ ከዚያ ረቡዕ ቀደም ብላ፣ ሱፊ በሌለበት እንደገና መጣች፤ በታክሲ ስታልፍ ከስቶ ታየዋለች። እምቢ አለችኝ ብሎ ከሚኖር፣ አላየችውም ብሎ ቢኖር ይቀለዋል አለች። ማኅተሙን ከኔ ወስዳ የለጠፈችው እሷ ናት። ወረቀቱንም ፋኑ ጋ ያስጠጋችው እሷ ናት።»

«ታዲያ ሱፊያን ይሄን...»

«ገና ማኅተሙን ሲያየው ገባው» አለች ኢልሃም። «ገብቶት ነው ‹እጄ ነው› ያላት፤ ገብቶት ነው ‹ብታነቢው ኖሮ› ብሎ የጠየቃት።»